የትንፋሽ ባለቤት፦ ስለ ዳሕላክ ጠላቂዎችና ስለ ባሕር ወራጅ

ስለ ባሕር ጠለቅ ዋና የተጻፉ የፈረንጅ መጻሕፍት አብዛኞቹ ታሪኩን አድምቀው የሚጀምሩት ከ1943 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።) በዚያ ዓመት ፈረንሳይ በጀርመን ጦር ተይዛለች፤ ቤንዚን ጠፍቶ መኪናው በጋዝ ይነዳል። ኤሚል ጋኛን የሚባል መሐንዲስ ለመኪና ሞተር ጋዝ እየመጠነች የምትሰጥ አንዲት ዕቃ ሠርቶ ነበር። የባሕር ኃይል መኮንኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና እሱ ሆነው ይህችኑ ዕቃ ለሰው ሳንባ እንድትመች አደረጓት። የታመቀ አየር የያዘ ሲሊንደር በጀርባ ይታዘላል፣ መመጠኛዋ በአፍ ትያዛለች፤ ሰውየው ሲስብ ትከፈታለች፣ ሲያቆም ትዘጋለች፤ የምትሰጠው አየርም ጠላቂው ባለበት ጥልቀት ካለው የውኃ ግፊት ጋር የተስተካከለ ነው። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው። «አኳ ላንግ» ተባለች፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ዓሣ ሆነ ይሉናል።

ጥሩ ነው፤ እኛም ይህን አናስተባብልም። መሣሪያዋ ትልቅ ነገር ናት። ሆኖም ታሪክ እንማራለን ካልን አንድ ቀላል ጥያቄ ልንጠይቅ ይገባናል። እነ ኩስቶ ከመውረዳቸው በፊት ታች ማን ነበር? በተለይ በቀይ ባሕር፣ በኮራሉ ዳርቻ፣ ወራጁ ሰውን እንደ ገለባ በሚወስድበት ስፍራ ማን ይወርድ ነበር? በምን ዕውቀት? ለማንስ ጥቅም? መነሻችን ዳሕላክ ነው፤ ከምጽዋ ፊት ለፊት የተበተኑት፣ ዛሬ በኤርትራ ግዛት ያሉት ከመቶ በላይ ደሴቶች።

በመጀመሪያ ስለ ውኃው እናንሣ። አብዛኞቻችን ደገኞች ነን፤ ባሕርን የምናውቀው ከካርታ ነው፤ በካርታ ላይ ደግሞ ባሕር ማለት ዝም ብሎ የተኛ ሰማያዊ ቀለም ነው። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ወደ ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። ፀሐዩና ነፋሱ በየዓመቱ ሁለት ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ውኃ ያተንኑበታል። የጎደለው የሚሞላው በደቡብ በኩል በባብ ኤል መንደብ ነው፤ ስሙ በዓረብኛ የልቅሶ በር ማለት ነው፤ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ። በፈረንጆቹ ክረምት፣ ማለትም በኛ በጋ፣ የደቡብ ነፋስ የላይኛውን ውኃ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደ ውስጥ ይነዳዋል፤ ከሥሩ ደግሞ በትነቱ ምክንያት ጨው የበዛበትና የከበደው ውኃ ወደ ውጭ ይወጣል። በአንድ በር ሁለት መንገደኛ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች! ወቅቱ ሲለወጥ ነፋሱም ይዞራል፤ የላይኛው ውኃ መውጣት ይጀምራል፤ ቀዝቀዝ ያለ ውኃም በመካከል ሰርጎ ይገባል፤ ባሕሩ ባለ ሦስት ፎቅ ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሙላትና ሽሽት አለ። በቀይ ባሕር ደቡብ የሙላቱ ከፍታ ቢበዛ አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ያ ሁሉ ውኃ በደሴትና በደሴት መካከል ባለ ጠባብ መተላለፊያ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማለፍ ሲኖርበት፣ የገንዳ ውኃ በቀጭን ቦይ እንደ መልቀቅ ነው፤ ይሮጣል። ይህን በባሕር ውስጥ እንደ ወንዝ የሚሄደውን ውኃ ነው እኛ እዚህ ወራጅ የምንለው።

ኮራል፣ በጥንቱ አጠራር መርጃን፣ ድንጋይ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። እልፍ አእላፍ ሆኖ ተጣብቆ ይኖራል፤ ኖራ መሰል ቤት ለራሱ ይገነባል፤ ሲሞት ልጁ በላዩ ይሠራል፤ በሺህ ዓመታት ውስጥ ግንብ ይሆናል። የምጽዋ አሮጌ ቤቶች የታነጹት ከዚሁ ድንጋይ ነው። ኮራል ከቦታው መንቀሳቀስ ስለማይችል ምግቡ ራሱ ወደሱ መምጣት አለበት፤ የሚያመጣለት ወራጁ ነው። ዕንቁ የሚይዘው ባለ ሁለት ክዳን ፍጡርም (ቅርፊቱን በቀይ ባሕር ሰደፍ ይሉታል) እንደዚሁ አፉን ከፍቶ የሚያልፈውን ውኃ እያጣራ ይኖራል። ስለዚህ ኮራሉ የሚያምረው፣ ዓሣው እንደ ደመና የሚሰበሰበው፣ ሻርኩም የሚያንዣብበው ወራጁ በሚመታው ማዕዘን ላይ ነው። መልካሙ ነገርና አደጋው አንድ ቤት ይኖራሉ።

አደጋው ምን ያህል ነው ቢሉ፣ በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚጓዝ ወራጅ፣ ማለትም አንድ ሽማግሌ ከዘራ ይዞ ከሚሄድበት ፍጥነት ያነሰ፣ ዕቃ የተሸከመን ጠላቂ ያሸንፈዋል። ተቃውሞ የሚዋኝ ሰው ባለበት ይቀራል፤ ትንፋሹን ግን ይጨርሳል። የኮራሉ ግድግዳ ቀጥ ብሎ በሚወርድበት ስፍራ ደግሞ ውኃው ሰውን ወደ ታች ስቦ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ይህ ነገር ለኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ዓባይን በዋና ይሻገሩ የነበሩ ሰዎች ፊት ለፊት ያለውን ዳር አልሞ የሚዋኝ እንደሚወሰድ ያውቁ ነበር፤ የሚያዋጣው ከላይ ገብቶ፣ በሰያፍ እየቆረጡ፣ ከታች መውጣት ነው። ባሕርም ያው ነው። ልዩነቱ፣ የባሕሩ ወንዝ በቀን አራት ጊዜ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ዳርም የለውም።

እንግዲህ ወደ ሰዎቹ እንምጣ። በመጀመሪያው መቶ ዓመት በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ጉዞ መምሪያ (ፔሪፕለስ የሚሉት) ስለ አዱሊስ ወደብ ሲናገር፣ ከወደቡ ፊት ለፊት አላላዩ የሚባሉ ብዙ ትናንሽ አሸዋማ ደሴቶች እንዳሉ ይጠቅሳል። ከነዚያም የኤሊ ቅርፊት ወደ ገበያው የሚያመጡት «ዓሣ በሎች» ናቸው ይላል። ደሴቶቹ ዳሕላክ መሆናቸውን ብዙ ሊቃውንት ተቀብለውታል። የሚገርመን ይህ ነው፦ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ የአገሩ ገዥ ዞስካሌስ በስሙ ተጠርቷል፤ ገንዘብ ወዳድነቱ፣ የግሪክኛ ዕውቀቱም ሳይቀር ተመዝግቧል። ዓሣ በሎቹ ግን ዓሣ በሎች ናቸው፤ በቃ። በሆዳቸው ተሰየሙ። ይህን ልማድ አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው።

የኛም ሊቃውንት ዕንቁን አልረሱትም። በግእዝ ዕንቁ «ባሕርይ» ይባላል፤ የባሕር የሆነ፣ ከባሕር የወጣ ማለት ነው። ያው ቃል ጠባይን፣ የነገርን እውነተኛ ምንነት ሲገልጽ በየዕለቱ በአማርኛ ስንጠራው የምንውለው ነው። በክብረ ነገሥት ውስጥ ደግሞ ከአዳም ጀምሮ በተመረጡት ወገብ እየተላለፈ እስከ እመቤታችን የደረሰ አንድ ዕንቁ አለ። እንዴት ያለ ምሳሌ ነው! ታዲያ ያን ምሳሌ የጻፈና ያነበበ ሰው ዕንቁ የያዘ ቅርፊት ከነጭቃው ወጥቶ አይቶ ይሆን? ደጋ ላይ የሚደርሰው ታጥቦ፣ ተመዝኖ፣ ተሸጦ ነው። የባሕሩን አገር የሚያስተዳድረው ሹም ማዕረጉ ባሕር ነጋሽ ይባል ነበር፤ መቀመጫው ግን ድባርዋ ነበረች፤ ከባሕር ርቃ ደጋ ላይ ያለች ከተማ። ባሕሩን ከላይ ሆኖ ማየት እንግዲህ የቆየ ጠባያችን ነው፤ ወይም ባሕርያችን ነው እንበል።

በ1541 የፖርቱጋል መርከቦች ወደ ምጽዋ መጡ። ይህን ሁላችንም ከታሪክ ትምህርታችን እናውቀዋለን፤ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደር ይዞ ለዐፄ ገላውዴዎስ ሊደርስ የወረደው ከነዚሁ መርከቦች ነው። በክፍል ብዙ የማይነገረን በዚያው ጉዞ የነበረው የዦአው ደ ካስትሮ ጉዳይ ነው። ይህ ሰው የመርከብ አዛዥ ሲሆን አመራማሪም ነበር፤ ቀይ ባሕር ለምን ቀይ ተባለ የሚለው ጥያቄ እረፍት ነሣው። ውኃው ቀልቶ በሚታይበት ስፍራ በባልዲ ቀድቶ ቢያየው እንደ ማንኛውም ውኃ ንጹሕ ሆነበት። ስለዚህ ጠላቂዎች አስወረደና ከሥሩ ያለውን እንዲያወጡለት አዘዘ፤ ቀይ ኮራል ይዘው ወጡ። እሱም ቀለሙ የውኃው ሳይሆን የወለሉ ነው ብሎ ደመደመ። ዛሬ ለስሙ ሌላ ምክንያት የሚሰጡ አሉ፤ ቢሆንም የዘዴው ንጽሕና ደስ ይላል፤ ተጠራጠረ፣ ቀዳ፣ አስወረደ፣ አየ። ብቻ ያየው እሱ አይደለም። ያዩት ጠላቂዎቹ ናቸው፤ እነሱም በጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ጠላቂዎች ተብለው ቀሩ።

የዕንቁ ጠላቂ ሥራ እንዲህ ነበር። በፋርስ ባሕረ ሰላጤ በትልቅ ጀልባ ወጥተው ከሰኔ በፊት ጀምሮ ወራት ሙሉ በባሕር ላይ ይከርማሉ። እያንዳንዱ ጠላቂ ገመዱን የሚይዝለት አንድ ሰው አለው። አፍንጫውን በቀንድ ወይም በኤሊ ቅርፊት በተሠራ መቆንጠጫ ይይዛል፤ እግሩን ከባድ ድንጋይ ባለው ገመድ ላይ ያስገባል፤ ድንጋዩ ያወርደዋል። ታች የሚቆየው ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ቅርፊት እየነቀለ ባንገቱ ባንጠለጠለው መረብ ይከታል፤ ገመዱን ሲነቀንቅ ያ ከላይ ያለው ይጎትተዋል። በቀን ብዙ አሥር ጊዜ ይወርዳል። በቀይ ባሕር በኩል በትናንሽ ታንኳዎችም ይሠራ ነበር፤ የጋዝ ጣሳ ቆርጠው ሥሩን መስተዋት ያደርጉበታል፤ እሱን ውኃ ላይ አስጠግተው ወለሉን ይቃኛሉ፤ ሰደፉን ሲያዩ ይዘላሉ።

አሁን ወራጁን እዚህ ላይ ጨምሩበት። ገመዱ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ይንጋደዳል። ጠላቂው ታንኳዋ ሥር ሳይሆን ሌላ ቦታ ይወጣል። ስለዚህ ከመውረዱ በፊት ውኃው ወዴት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚያርፍ፣ ከሙላት ወደ ሽሽት ሲለወጥ ያለችው ያች ዝም ያለች ጊዜ ስንት እንደምትቆይ ማወቅ አለበት። ጨረቃ ስትሞላና ስትጠፋ ወራጁ ይበረታል፤ ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ሳምንት ይደክማል። ይህን ሁሉ በቃል መያዝ ነው፤ ከአባት፣ ከአጎት፣ ወይም ከጌታ። ሰዓት የለ፣ ሰንጠረዥ የለ። እንደኛ አስተያየት ይህ ሳይንስ ነው። በወረቀት ስላልሰፈረ ብቻ ልማድ ይሉታል።

ስለ ሰውነታቸውም አንድ ነገር እንበል። በየአሥር ሜትሩ ጥልቀት ላይ የውኃው ግፊት ላይ ካለው አየር ጋር እኩል በሆነ መጠን ይጨምራል። በአሥር ሜትር ላይ ሳንባ ውስጥ ያለው አየር በግማሽ ይቀንሳል፤ በ30 ሜትር ሩቡ ብቻ ይቀራል። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የነበሩ ሐኪሞች ከዚያ ወዲያ ደረት ይሰበራል ብለው ያምኑ ነበር። ራይሞንዶ ቡኸር የሚባል የጣሊያን አየር ኃይል መኮንን በ1940ዎቹ ማብቂያ ገደማ በአንድ ትንፋሽ 30 ሜትር ወርዶ ሲወጣ ጉድ ተባለ፤ ክብረ ወሰን ሆነ። ሆኖም በ1913 አንድ ግሪካዊ የባሕር ስፖንጅ ጠላቂ የጣሊያን የጦር መርከብ የጠፋባትን መልሕቅ ለመፈለግ በአንድ ትንፋሽ ከ70 ሜትር በላይ ወርዶ ነበር። የመርከቡ ሐኪሞች መርምረውት ግራ ገባቸው። ሠራተኛ ስለነበረ ወሰን አልተባለለትም፤ የተሰጠው ክፍያ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደርሰናል። ይህ ሁሉ ትንፋሽ የማን ነበር?

ጠላቂው ወቅቱ ከመጀመሩ በፊት ለቤቱ ስንቅ ከጀልባው አለቃ (ናኹዳ ከሚሉት) ይበደራል። አለቃው ከነጋዴው ተበድሯል፤ ነጋዴው ከቦምቤይ። በወቅቱ ማብቂያ ዕንቁው ሲሸጥ ድርሻው ዕዳውን አይሸፍንም፤ የሚቀጥለው ዓመት ይመጣል፤ እንደገና ይበደራል። መጻፍ አያውቅም፤ መዝገቡን የሚይዘው አበዳሪው ነው። በባሕረ ሰላጤው ጠላቂው ሲሞት ዕዳው ለልጁ የሚተላለፍበት ልማድ ነበር፤ ልጁ ትንፋሹ ገና ሳይጠነክር ባለዕዳ ነው። የባሕሬን ገዥዎች በ1920ዎቹ ለእያንዳንዱ ጠላቂ የሒሳብ ደብተር እንዲሰጠው የሚያዝ ሕግ አውጥተዋል፤ ይህ ራሱ ቀድሞ የነበረውን ይነግረናል። በ1932 ደግሞ እዚያው ባሕሬን ጠላቂዎች በቅድሚያ ክፍያ ጉዳይ ተነሥተው ነበር።

ከባለዕዳውም በታች ባሪያው አለ። በባሕረ ሰላጤውም ሆነ በቀይ ባሕር ከጠላቂዎቹ ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ፤ ከነሱም ውስጥ ከኛው አገር ከደቡብና ከምዕራብ ተነድተው፣ በታጁራና በሌሎች የባሕር በሮች ተሻግረው የተሸጡ አሉ። ልጅ ሆነው የተወሰዱ፣ ከዚያ በፊት ባሕር አይተው የማያውቁ። ዋና የተማሩት በጌታ ትእዛዝ ነው። ድርሻ የሚባለው ነገር ለጌታቸው ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት፦ ነጋዴው ዓረብ ነበር፣ ገዥው ፈረንጅ ነበር ብሎ መማረር ቀላል ነው፤ ሰውየውን ከቀዬው አፍኖ የሸጠው ግን ደገኛም ቆለኛም የራሳችን ሰው ነው። በኢትዮጵያ ባርነትን ጨርሶ የሚሽር አዋጅ የወጣው በ1942 ነው። የደጋው ታሪካችንና የባሕሩ ታሪካችን የሚገናኙት በባሕር ነጋሽ ማዕረግ ብቻ ሳይሆን በዚህም ገመድ ነው።

ዕንቁውስ የት ደረሰ? ከምጽዋ ወደ ቦምቤይና ወደ ፓሪስ። በ1917 ኒው ዮርክ ውስጥ የካርቲዬ ጌጥ ቤት በአምስተኛው ጎዳና ላይ ያለውን ትልቅ ሕንፃ የገዛው በ100 ዶላርና በአንድ ባለ ሁለት ረድፍ የተፈጥሮ ዕንቁ ሐብል ነው፤ ሐብሉ 1 ሚሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር። ቤት በአንገት ጌጥ! ያው ሐብል በ1957 በጨረታ ሲሸጥ ያወጣው ከ160 ሺህ ዶላር ያነሰ ነው። በመካከሉ የሆነው፣ ሚኪሞቶ የተባለው ጃፓናዊ በ1893 የጀመረው ዕንቁን በእርባታ የማፍራት ዘዴ ተሻሽሎ በ1920ዎቹ የአውሮፓን ገበያ ማጥለቅለቁ ነው፤ በ1929 ደግሞ የዓለም ኢኮኖሚ ወደቀ። የዳሕላክ ዕንቁ ንግድ ከዚያ በኋላ አላንሠራራም።

አውሮፓ እነዚህን ጠላቂዎች በብዛት ያወቀቻቸው ከአንድ ሰው ብዕር ነው። አንሪ ደ ሞንፍሬድ የሚባል ፈረንሳዊ በ1911 ጅቡቲ መጥቶ ዕንቁ ሲነግድ፣ መሣሪያና ሐሺሽ ሲያሻግር ኖሮ፣ ከ1930ዎቹ መግቢያ ጀምሮ ስለ ቀይ ባሕር ተራ በተራ መጻሕፍት አሳተመ። ኃይለ ሥላሴ በ1933 ከኢትዮጵያ አስወጡት፤ እሱም የሙሶሊኒ ደጋፊ ሆኖ አረፈው። ጥሩ ጸሐፊ ነው፤ ውኃውን ያውቃል። ግን በመጽሐፉ ውስጥ ጀግናው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ከዚያ ጣሊያኖቹ እንደገና መጡ። እንደገና ማለታችን፣ ምጽዋን በ1885 ይዘው በ1941 ተነጥቀዋት ስለነበረ ነው። ከዳሕላክ ደሴቶች አንዷን፣ ናኩራን፣ እስር ቤት አድርገዋት ነበር፤ አያቶቻችን ዳሕላክን ሳያውቁ ናኩራን በስሟ ያውቋታል፤ ሙቀቱና ጥማቱ የሰው መጨረሻ ነበር። በ1952 ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር በተዋሐደች ማግሥት፣ በብሩኖ ቫይላቲ የሚመራ የጣሊያን የባሕር ውስጥ ጉዞ ቡድን «ፎርሚካ» (ጉንዳን ማለት ነው) በምትባል መርከብ ወደ ዳሕላክ መጣ። ከላይ ያነሣነው ቡኸርም አብሯቸው ነበር። ካሜራውን የያዘው ፎልኮ ኩዊሊቺ ገና 22 ዓመቱ ነው፤ በዕድሜ የኛ እኩያ። ወራት ሙሉ በኮራሉ ላይ ጠለቁ፤ ዓሣ ወጉ፤ ናሙና ሰበሰቡ፤ ፊልም ቀረጹ። ፊልሙ በ1954 ወጣ፤ በውኃ ውስጥ ሕይወት ላይ በቀለም ከተሠሩት የመጀመሪያ ሙሉ ፊልሞች አንዱ ነው። ስሙ «ስድስተኛው አህጉር» ነው።

እስቲ ይህን ስም እናስብበት። አህጉር የሚገኘው ሰው ሳይኖርበት ነው ወይስ ሰው እያለበት? ኮሎምቦስም አገኘ ተብሏል። ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ ሰው ሲወርድበት የኖረ ወለል፣ ከናኩራ እስር ቤት ጎን ያለ ወለል፣ በ1954 እንደ አዲስ አህጉር ተመረቀ። ወጣቶቹ ክፉዎች ነበሩ አንልም፤ ድፍረታቸው እውነተኛ ነው፤ ሥራቸውም ውብ ነው። ግን ስም የሚያወጣ ሰው ባለቤት እንደሚሆን ያውቁ ነበር፤ ባያውቁትም ሆነዋል።

ሌሎቹንም በአጭሩ እንለፋቸው። ኦስትሪያዊው ሐንስ ሐስ በ1949 እና በ1950 በፖርት ሱዳን ዙሪያ ጠልቆ የሠራው ፊልም በቬኒስ ተሸለመ፤ እሱ ይጠቀም የነበረው ንጹሕ ኦክሲጅን የሚያዘዋውር መሣሪያ ነው፤ ኦክሲጅን ደግሞ በግፊት ሥር ሲሆን መርዝ ስለሚሆን ብዙ ጥልቀት አይፈቅድም። ኩስቶ «ካሊፕሶ» በምትባለው መርከቡ በ1951 ማብቂያ ወደ ቀይ ባሕር ገባ። «ዝምተኛው ዓለም» የተባለው ፊልሙ በ1956 የካንን ትልቅ ሽልማት አገኘ። በዚያ ፊልም ውስጥ ዓሣውን ለመቁጠር ሲባል ኮራል በድማሚት ሲፈነዳ፣ መርከበኞቹም ሻርኮችን በቁጣ ሲጨፈጭፉ ይታያል። ኩስቶ በኋላ የባሕር ጠበቃ ሆኗል፤ ይህን መካድ አይገባም። ብቻ በዚያን ጊዜ የድሃ ዓሣ አጥማጅ ድማሚት ወንጀል ሲባል የሳይንቲስት ድማሚት ቆጠራ ይባል እንደነበር እናስታውስ።

ወደ ወራጁ እንመለስና፣ መሣሪያዋ ምን ለወጠች? ጠላቂው በአንድ ደቂቃ ፈንታ አንድ ሰዓት ገደማ ይቆያል። ድንጋይና ገመድ አያስፈልገውም። ግን ገመዱ ሲቀር ከላይ ያለው ሰውም የቀረ መሰለ፤ አልቀረም። ሲሊንደር ወራጅን አያሸንፍም፤ እንዲያውም ሰውነትን ስለሚያገዝፍ ውኃው የሚይዘው ነገር ይበዛል፤ ሲታገሉ አየሩ ቶሎ ያልቃል። የዘመኑ ጠላቂዎች ዛሬ የሚያስተምሩት ዘዴ ወራጁን አለመታገል ነው፦ ከላይኛው ጫፍ መግባት፣ በኮራሉ ግድግዳ አጠገብ አብሮ መንሳፈፍ፣ ከወራጁ በስተጀርባ ባለ ጥግ መጠለል፣ ራቅ ብሎ መውጣት፤ ጀልባዋም አረፋውን ወይም ከታች የሚለቀቀውን ባለ ቀለም ፊኛ እያየች ትከተላለች። ተቀምጦ የሚጠብቅ ጀልባ የለም። ያ የጀልባ ሰው ውኃው ወዴት እንደሚወስዳቸው ካላወቀ የመጨረሻው ዘመናዊ መሣሪያ ያለው ሰው ባሕር ላይ ብቻውን ይቀራል። ዓባይን የሚዋኘውና ዕንቁ ጠላቂው የሚያውቁት ያው ትምህርት ነው፤ አሁን በመጽሐፍ ታትሞ፣ የምስክር ወረቀት ይሰጥበታል።

በ1963 ኩስቶ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ሻብ ሩሚ በተባለ የኮራል ስፍራ፣ በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ቤት ሠርቶ አምስት ሰዎችን አንድ ወር አኖረበት። ወራጅ በሚያልፍበት ክፍት ባሕር ላይ ስለሆነ ቤቱን ያስቀመጡት ራሱ ኮራሉ በሚከልለው ጥግ ነው። ምግብ አብሳይ፣ ስልክ፣ በቀቀን ሳይቀር ነበራቸው። ወጪው በከፊል ከነዳጅ ኩባንያዎች የመጣ ነው፤ ከባሕር ወለል ዘይት የሚያወጡ ሠራተኞች እዚያው እንዲኖሩ ታስቦ ነበር። አላዛለቀም። ከቤቱ ቅሪት ዛሬም እዚያው አለ፤ ኮራል በቅሎበታል፤ ቱሪስቶች ይጎበኙታል። ዳሕላክ በበኩሉ በጦርነቱ ዓመታት ተዘጋ፤ በደርግ ዘመን ናኩራ የሶቭየት ባሕር ኃይል ጣቢያ ሆነች።

የጠላቂዎቹ ስም ግን ጨርሶ አልጠፋም። በዳሕላክ ኪቢር ከአሥረኛው መቶ ዓመት ወዲህ የቆሙ፣ በኩፊክ ጽሕፈት የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮች አሉ፤ ከመቶ በላይ ሰዎች፣ ወንድም ሴትም፣ ከነአባታቸው ስም ይነበባሉ። ከፊሎቹ ድንጋዮች ተነቅለው ወደ ጣሊያንና ወደ ፈረንሳይ ቤተ መዘክሮች ተወስደዋል። የተማረና ሀብት ያለው ሰው መቃብር ነው ይባል ይሆናል፤ ልክ ነው። የባሪያው ስም የተጻፈው በሌላ ወረቀት ላይ ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በባሕረ ሰላጤው ወደቦች ወዳሉት የእንግሊዝ ወኪሎች ቢሮ ሸሽቶ የነፃነት ወረቀት የሚጠይቅ ሰው ቃሉን ይሰጥ ነበር። ጸሐፊው ይጠይቃል፦ ስምህ ማን ነው? ዕድሜህ ስንት ነው? የት ተወለድክ? ማን ወሰደህ? ለማን ተሸጥክ? ምን ሥራ ትሠራለህ? ብዙዎቹ ለመጨረሻው ጥያቄ የመለሱት ዕንቁ መጥለቅ ብለው ነው። ለሦስተኛው ጥያቄ ሐበሻ አገር ብለው የመለሱም አሉ። መልሱ በእንግሊዝኛ፣ በአንድ ገጽ ላይ፣ አንዳንዴ ከአንድ ገጽ ባነሰ፣ ተጽፏል። ወረቀቶቹ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም ተቀድተው ለማንኛውም አንባቢ ያለ ክፍያ ክፍት ሆነዋል።